ዓይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል

ማየትና መፍረድ ልዩ ልዩ ሥራዎች መሆናቸውን አበው «ዓይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል» በሚለው አጭር ቃል አስረድተዋል። ዓይን በፊቱ ያለውን ያመጣል፤ ልብ ደግሞ የመጣውን መርምሮ፥ ከሌላው ጋራ አስተያይቶ፥ ይህ እንዲህ ነው፥ ያም እንዲያ ነው ብሎ ይቈርጣል። ከእነዚህም በኋላ ሦስተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም የፈረደው ሰው ስለ ፍርዱ ሲጠየቅ መልስ መስጠቱ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ይኖሩ ስለ ነበረ ሊለያያቸው ያሰበ አልነበረም። በዚህ ዘመን ግን የኮምፒዩተር ሊቃውንት የሕሙማንን የውስጥ አካል ሥዕል አይቶ የሚፈርድ መሣሪያ ሠርተዋል። እንግዲህ ማየቱና መፍረዱ ወደ መሣሪያው ሲሄድ፥ መልስ መስጠቱ በማን ዘንድ ይቀራል? ይህ ጥያቄ የሊቃውንት ብቻ አይደለም፤ ከጭላሎ ተራራ ጥግ ተነሥቶ ሳሉን እንደ ያዘ ወደ አሰላ የሚወርደው ገበሬም ጥያቄ ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ የሚያስተምረው ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 8 ቀን 1895 ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳይ ጨረር አገኘ፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር የሚስቱን እጅ አንሥቶ አጥንቱን ከነቀለበቱ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያው የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ያገኘውን ጥበብ ግን ለራሱ ብቻ እንዲሆን አላስመዘገበም፥ ለሰው ሁሉ ተወው እንጂ። በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ራጅ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ነው።

ሥዕል ወደ ቍጥር የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ አገር ረስል ከርሽ የተባለ ሊቅ የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ በ176 መስመርና በ176 ዓምድ ከፋፍሎ ኮምፒዩተር እንዲያነበው አደረገ። እንዲህ ሲሆን የሕፃኑ ፊት 30,976 ነጥቦች ሆነ ማለት ነው። በዚያው ዘመን አለን ኮርማክ የተባለው የደቡብ አፍሪቃ ተወላጅ በኬፕታውን ሆስፒታል ሲሠራ፥ ጨረር ከብዙ አቅጣጫ በሰው አካል ውስጥ ሲያልፍ የሚደክመውን መጠን በመለካት የውስጡን አካል በስሌት መሣል እንደሚቻል አሰበ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ይህን ሐሳብ በራሱ መንገድ ወደ መሣሪያ አድርሶ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያዪቱን ሕመምተኛ በሲቲ ስካን አነሣ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የሐኪም ሥዕል በቍጥር የተጻፈ ደብዳቤ ሆኗል፤ ደብዳቤውንም ማንበብ የኮምፒዩተር ሊቅ ሥራ ሆነ።

ሥራው በመጀመሪያ ሲታይ ከግብረ ገብነት ጋራ የሚነካካ አይመስልም። አንዱን ነጥብ ከጎረቤቱ ቢቀንሱት፥ ልዩነቱ ትልቅ በሆነበት ስፍራ የአጥንቱ ወይም የሳንባው ዳርቻ ይገኛል። አንዱን ነጥብ ከጎረቤቶቹ ጋራ ደምረው ቢያካፍሉት፥ በሥዕሉ ላይ እንደ አቧራ የተበተነው ብጥብጥ ይጠራል። ነገር ግን አንባቢ ልብ ይበል፤ አቧራውን የሚያጠራው ያው ስሌት ከመጠን ሲያልፍ፥ ገና የጀመረችውን ትንሽ ዕባጭ ከአቧራው ጋራ ያጠፋታል። ስለዚህ ሊቁ ምን ያህል ያጥራ? ብሎ ሲወስን፥ ምን ይታይ፥ ምን ይሰወር ብሎ መወሰኑ ነው። ምርጫ ባለበት ስፍራ ሁሉ ደግሞ ኃላፊነት አለ።

የዛሬው ብልሃት ከዚህ ያልፋል። ሊቁ ሕጉን ለመሣሪያው አይነግረውም፤ በሺህ የሚቈጠሩ የራጅ ሥዕሎችን «ይህ የታመመ ነው፥ ይህ ጤነኛ ነው» ከሚል ምልክት ጋራ ይሰጠዋል፤ መሣሪያውም የሚለያቸውን ነገር ራሱ ይፈልጋል። በመጨረሻም አዲስ ሥዕል ሲቀርብለት ሕመም የመኖሩን ጥርጣሬ በቍጥር ይናገራል። ያን ቍጥር በምን ምክንያት እንደ ሰጠ ግን እንደ ሰው አስረድቶ አይናገርም።

ይህን ብልሃት ያለ ምርመራ የሚነቅፉ ሰዎች አሉ፤ ሰው የሰውን ሕመም ያንብብ እንጂ ቍጥር ምን ያውቃል? ይላሉ። አነጋገራቸው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከእውነተኛው ኑሮ የራቀ ነው። ራጅ ማንሣት በሚቻልበት ብዙ ስፍራ የተነሣውን የሚያነብ የሠለጠነ ሐኪም አይገኝም። የሳንባ ነቀርሳም ሐኪሙ እስኪመጣ ቆሞ አይጠብቅም፤ በአንድ ጣራ ሥር ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል እንጂ። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሳንባ ነቀርሳ ልየታ፥ የደረትን ራጅ በሰው ፈንታ ኮምፒዩተር ሊያነበው እንደሚችል መከረ። በዚያው ዓመት በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ 24,000 በሚያህሉ ሰዎች ሥዕል ላይ አምስት ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ተፈትነው የወጣው ውጤት፥ አምስቱም ልምድ ካላቸው አንባቢዎች የተሻሉ መሆናቸውን አሳየ።

የሰውም ዓይን ቢሆን ከስሕተት የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ አገር የታተመ አንድ ጥናት፥ የሳንባ ዕባጭ እንዲፈልጉ ለታዘዙ 24 የራጅ ሐኪሞች በሥዕሉ ውስጥ የጎሬላ ዝንጀሮ ምስል ደብቆ ሰጣቸው። ምስሉ ከአንድ ዕባጭ 48 ጊዜ ይበልጥ ነበር፤ ሆኖም ከ24ቱ ሐኪሞች 20ው አላዩትም። ሰው የሚያየው የሚፈልገውን ነውና። እንግዲህ መሣሪያውን ስለ ሰው ክብር ብሎ መከልከል፥ ሕመምተኛውን ያለ ምንም አንባቢ መተው ከሆነ፥ ክብሩ ለማን እንደ ተሰጠ መጠየቅ ይገባል።

መሣሪያውን ያለ ምርመራ የሚያመሰግኑትም ደግሞ ሊሰሙት የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ አገር የሳንባ ምችን ከራጅ ላይ እንዲያውቅ የተማረ መሣሪያ ሲመረመር፥ ሥዕሉ ከየትኛው ሆስፒታል እንደ መጣ ለይቶ የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ። በአንዱ ሆስፒታል ሕመሙ ይበዛ ስለ ነበረ፥ የሆስፒታሉን ምልክት ማወቅ ሳንባውን ከመመርመር ይልቅ ቀላል መንገድ ሆነለት። ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲሄድ ግን በብዙው ፈተና ደከመ። ተማሪ ትምህርቱን ትቶ የመምህሩን ፊት አይቶ መልስ ቢሰጥ፥ በዚያ መምህር ፊት አዋቂ ይመስላል፤ በሌላው ዘንድ ግን ባዶነቱ ይገለጣል። ይህም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ነገር መሣሪያው የተማረው ከማን ሥዕል ነው? የሚለው ነው። በአዲስ አበባ የተወለዱት የኮምፒዩተር ሊቅ ዶክተር ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡዎላምዊኒ ጋራ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፥ ፊት አይተው ወንድና ሴት የሚለዩ ሦስት የታወቁ መሣሪያዎችን መረመሩ። ቀላ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስሕተቱ ቢበዛ ከመቶ 0.8 ሲሆን፥ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 ደረሰ። ይህ ስለ ፊት ነው፤ የደረት ራጅም ግን ከዚህ ዕዳ ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት፥ በአሜሪካ የራጅ መሣሪያዎች የታመመውን ጤነኛ ነው ብለው የሚያሰናብቱት በሴቶች፥ በጥቁሮችና በድኾች ላይ አብልጠው መሆኑን ገለጠ። አስቀድሞ ሐኪም ያጣ ሰው፥ መሣሪያውም ሲመጣ መልሶ ያጣዋል ማለት ነው።

ነገሩን ወደ አርሲ ደጋ አምጥቶ መመልከት ይቻላል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ በቆጂ ከእርስዋም ከፍ ትላለች። ይህ አገር ኃይሌ ገብረ ሥላሴንና ደራርቱ ቱሉን ያበቀለ፥ ልጆቹ በብርድና በቀጭን አየር ሲሮጡ የሚያድጉበት አገር ነው። በራጅ ላይ የልብ ስፋት ከደረት ስፋት እኩሌታ ሲያልፍ ልቡ ሰፍቷል ተብሎ ሕመም ይጠረጠራል። ሆኖም ብዙ የሮጠ ሰው ልብ በልምምድ ብዛት ሊሰፋ እንደሚችል የስዊድኑ ሐኪም ሄንሸን ገና እ.ኤ.አ. በ1899 አሳይቷል። የሯጭን ልብ አይቶ የማያውቅ መሣሪያ ብርታቱን ድካም ነው ሊለው ይችላል። እንዲሁም በዳካው ጥናት መሣሪያዎቹ በአረጋውያንና አስቀድሞ በሳንባ ነቀርሳ ታመው በነበሩ ሰዎች ላይ መድከማቸው ታይቷል፤ የዳነ ቍስል ጠባሳ ከአዲስ ቍስል ጋራ ይመሳሰላልና። ነቀርሳ ለብዙ ዘመን በኖረበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው አደጋ ከሁለቱ ይልቅ የጠለቀ ነው፤ ይህንም የአርሲ ገበሬ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ በኢትዮጵያ የስንዴ ማሳ ላይ ወርዶ ኩብሳ የተባለውን፥ በብዙ ስፍራ የተዘራውን ስንዴ ጎዳ። ገበሬውም ቢጫውን ዋግ ወደሚቋቋመው ዲገሉ ወደተባለው ዘር ዞረ፤ ዲገሉም አገሩን ሞላ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ተነሥቶ በባሌና በአርሲ ዲገሉን መታው። ዘሩ መጥፎ ስለ ነበረ አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ስለ ነበረ ሁሉ ዘራው፤ ሁሉ ስለ ዘራውም አንዲቱ ድክመቱ የሁሉ ድክመት ሆነች። የሰው አንባቢ ሲሳሳት በራሱ መንገድ ይሳሳታል፤ ጎረቤቱ ያርመዋል። አንድ መሣሪያ በሺህ ጤና ጣቢያ ሲተከል ግን ስሕተቱም ያው አንድ ሆኖ በሺህ ስፍራ በአንድ ቀን ይሠራል፤ የሚያርመውም ጎረቤት የለም፥ ጎረቤቱ ራሱ እርሱው ነውና። «አንድ ዓይን ያላት በአፈር አትጫወትም» የተባለው ለዚህም ይሆናል።

ብዙዎች ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ ይሰጣሉ፤ መሣሪያው ይናገር፥ ሐኪሙ ይፈርም ይላሉ። መልሱ ጥሩ ይመስላል፤ ሆኖም ፊርማ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ የጀርመን ጥናት 27 የራጅ ሐኪሞች የጡት ሥዕል እንዲያነብቡ ተደረገ፤ አንዳንድ ጊዜም መሣሪያው ሆን ተብሎ የተሳሳተ ሐሳብ ይሰጣቸው ነበር። እጅግ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች እንኳ መሣሪያው እውነት ሲናገር ከመቶ 82 ያህሉን በትክክል አንብበው ሳለ፥ መሣሪያው ሲሳሳት ግን ወደ 46 ያህል ወረዱ። መሣሪያው አስቀድሞ ከተናገረ ሰውዬው የሚያየው በመሣሪያው ዓይን ነው። እንግዲህ ሐኪም በሚገኝበት ስፍራ የራሱን ንባብ አስቀድሞ ጽፎ የመሣሪያውን ቃል በኋላ ይስማ፤ ሁለቱ ሲለያዩም ሦስተኛ ሰው ይይ። በሸንጎ ምስክሮች ለየብቻ የሚጠየቁት አንዱ የሌላውን ቃል እንዳይደግም አይደለምን?

ሐኪም በማይገኝበትስ? በዚህ ስፍራ ነገሩ ወደ ቍጥሩ ይመለሳል። መሣሪያው ከዜሮ እስከ መቶ ያለ ቍጥር ሰጠ እንበል፤ ከስንት በላይ የሆነው ሰው ለአክታ ምርመራ ይላክ? ወሰኑ በ30 ቢቆም ብዙ ጤነኞች በከንቱ ይመላለሳሉ፤ የምርመራውም ዕቃ ያልቃል። በ70 ቢቆም ዕቃው ይተርፋል፤ ከታመሙት ግን አንዳንዶቹ «ደኅና ነህ» ተብለው ወደ ቤታቸው፥ ወደ ልጆቻቸው ይመለሳሉ። ይህን ወሰን ሒሳብ ብቻውን ሊያገኘው አይችልም። አንድ የታመመ ሰው ሳይታወቅ መቅረቱ ከስንት ጤነኞች ድካም ጋራ ይመዘናል? የሚለው የሕሊና ጥያቄ ነውና። ወሰኑን ከሩቅ አገር መሣሪያውን የሠራው ድርጅት ቈርጦ ቢልከው፥ በአርሲ ማን ይታከም፥ ማን ይቅር የሚለውን ያላየው ሰው ፈረደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም መሣሪያው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በየአገሩ ተፈትኖ ወሰኑ እንደ ስፍራው እንዲስተካከል የሚመክረው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ሥርዓት ይወጣል፤ መሣሪያው በር ይክፈት እንጂ በር አይዝጋ። «ይህ ሰው ያጠራጥራል» ብሎ ሲናገር ወደ ተረጋገጠው ምርመራ ይላክ፤ ቢሳሳት ጉዳቱ የአንድ ቀን መንገድና የአንድ ምርመራ ዋጋ ነው። «ደኅና ነው» ሲል ግን ቃሉ የመጨረሻ አይሁን፤ ሳሉ ያልለቀቀውን፥ ክብደቱ የቀነሰውን፥ ሌሊት የሚያልበውን ሰው ጤና ባለሙያው ጠይቆና ደረቱን አዳምጦ፥ ከመሣሪያው ቃል ጋራ የማይስማማ ቢሆን እንኳ የመላክ ሥልጣን ይኑረው። ይህ ዕቃ ያስፈጃል የሚል ሰው ቢነሣ፥ እውነት ነው። ዕቃ ሲያንስ ማን ይቅደም? የሚለውን ግን ሰዎች በግልጥ ተማክረው፥ ስማቸውን አኑረው ይወስኑ እንጂ፥ ማንም በማያየው ቍጥር ውስጥ አይሸሽጉት። ድኽነት ምርጫን ያስገድዳል፤ ምርጫውን መደበቅ ግን ድኽነት የሚያስገድደው ነገር አይደለም።

ሊቁም ከዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። ዶክተር ትምኒትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ያቀረቡት ሐሳብ፥ እያንዳንዱ የሥዕል ክምችት ከየት እንደ መጣ፥ ከነማን እንደ ተወሰደ፥ ለምን ሥራ እንደሚበጅና እንደማይበጅ የሚናገር ጽሑፍ አብሮት እንዲኖር ነው። ዘር የሚገዛ ገበሬ ከየት መጣ? በምን መሬት ተሞከረ? ብሎ ሳይጠይቅ አይዘራም፤ ሆስፒታልም እንደዚያ ይጠይቅ። በኢትዮጵያ የተወለዱት ሌላዋ ሊቅ ዶክተር አበባ ብርሃኔ ደግሞ ከቪናይ ፕራቡ ጋራ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 ታላላቅ የሥዕል ክምችቶችን መርምረው፥ ያለ ሰዎቹ ፈቃድ የተሰበሰበና በስድብ ቃል የተሰየመ ሥዕል በውስጣቸው መኖሩን ገለጡ። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም 80 ሚሊዮን ሥዕሎች የያዘውን ክምችቱን ከሥራ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሰው በጥንቃቄ ቢጠይቅ ምን ያህል እንደሚሠራ ይህ ያሳያል።

የደረት ሥዕልም የሰውዬው ነው። ሕመምተኛ በመሣሪያው ፊት ልብሱን አውልቆ የሚቆመው ለመዳን ነው፤ ሥዕሉ ሌላ አገር ሄዶ መሣሪያ እንዲያስተምር ከተፈለገ ሊነገረውና ሊፈቅድ ይገባል። በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ለዚህ ዓይነቱ ነገር መሠረት ጥሏል። ሕግ ግን የሚሠራው የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው። ሥዕሉን ከአርሲ ወስዶ፥ መሣሪያውን መልሶ ለአርሲ በውድ ዋጋ መሸጥ፥ ምንም እንኳ በወረቀት ላይ የተፈቀደ ቢሆን፥ ሮንትገን ጥበቡን ለሰው ሁሉ ከተወበት መንፈስ የራቀ ነው። ይልቁንም በአሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ፥ በጅማም የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪዎች ባሉበት አገር፥ የአገሩን ደረት የአገሩ ልጆች እንዲያነብቡት፥ መሣሪያውንም እንዲፈትኑትና እንዲያርሙት ማድረግ ይቻላል። ዋግን ለመለየት ሳይንስ ከገበሬው ማሳ አጠገብ በቁሉምሳ ተተክሎ የለምን? ለሳንባውስ ለምን ይርቃል?

መሣሪያው ያያል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሰው አሻግሮ ያያል። ነገር ግን ያየው ነገር ስሕተት ሆኖ ሲገኝ አያዝንም፥ አይታረቅም፥ የሞተውን ሰው ቤተ ሰብ ፊት አያይም። ስለዚህ ከሦስቱ ሥራዎች ማየቱን ሊካፈል ይችላል፤ በመፍረዱም ይረዳ ይሆናል፤ መልስ መስጠቱን ግን ማንም ሊሰጠው አይችልም። መሣሪያውን የሠራው፥ የገዛው፥ ወሰኑን የቈረጠው፥ በውጤቱም ሕመምተኛውን ያሰናበተው ሰው እያንዳንዱ ስሙ ይታወቅ፤ ሕመምተኛውም «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ፥ በሚገባው ቋንቋ የሚመልስለት ሰው በጤና ጣቢያው ይገኝ።